ስለ ጠባይ አራሚዎችና ስለ ተመልካቾቻቸው

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ ከመገናኛ ወደ ኮተቤ በሚወስደው መንገድ ወደ ግራ ገባ ብሎ ወደሚገኝ አንድ ግቢ የምገባበት ምክንያት አግኝቼ ነበር። ግቢው ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች የሚማሩበት ነው። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ የምናገረው ነገር በዚያ ግቢ ብቻ የሚገኝ አይደለምና። አንዲት ዕድሜዋ ከሃያ ሁለት የማይበልጥ ወጣት፣ ሰባት ዓመት ከሚሆነው ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ልጁ ጣቶቹን በዓይኑ ፊት ያርገበግባል። እርስዋም ሁለቱን እጆቹን ይዛ በጠረጴዛው ላይ ታሳርፋቸዋለች፤ እጆቹ ጸጥ ሲሉ ቍራሽ ብስኩት ትሰጠዋለች፤ ከዚያም በወረቀት ላይ አንድ ምልክት ታደርጋለች። ልጁ አልፎ አልፎ ያለቅሳል። እርስዋ ግን አትቈጣም፤ ድምፅዋም ለስላሳ ነው።

ሥራዋን ስትጨርስ፣ «ልጄ፣ ይህን ስትሠሪ የሚያይሽ ማን ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ወረቀቱን ኃላፊያችን በየወሩ አይተው ይፈርሙበታል፣ አባባ» አለችኝ።

«ወረቀቱስ ይሁን፤ አንቺንና ልጁን ያየ ማን ነው?»

ጥቂት አሰብ አደረገችና፣ «እሳቸው እንኳ ሥራ ይበዛባቸዋል» አለች።

ይህ መልስ እስከ ቤቴ ተከተለኝ። ልጅቱ ክፉ አይደለችም፤ ኃላፊዋም ምናልባት ደግ ሰው ናቸው። ነገር ግን ሁለት ደጋግ ሰዎች በሚሠሩበት ቤት አንድ ልጅ እጁ ተይዞ ሲያለቅስ፣ ልቅሶው ተገቢ ይሁን አይሁን የሚመዝን ሦስተኛ ሰው አልነበረም። የሌላውን ሰው ጠባይ ለመለወጥ ሥልጣን የተሰጠውን ሰው፣ ይልቁንም ሥልጣኑ መናገር በማይችል ልጅ ላይ ሲሆን፣ ማን ሊያየው ይገባል? ማየትስ ምን ማለት ነው? ጥያቄው የዚያ ሙያ ሰዎች ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን መምህር የሆነ ሁሉ፣ በበታቹ ሠራተኛ ያለው ሹም ሁሉ ድርሻ አለበት።

ሙያው «የጠባይ ትንተና» ይባላል። ሥሩ ቀላል ነው፤ ከአንድ ድርጊት በኋላ የሚከተለው ነገር ያንን ድርጊት ወይ ያበረታዋል ወይ ያደክመዋል። ይህን እናቶቻችን ያለ መጽሐፍ ያውቁታል፤ ሲያለቅስ ስኳር የተሰጠው ሕፃን ነገም ስኳር ሲያምረው ያለቅሳል። አሜሪካዊው ስኪነር (ከ1904 እስከ 1990 እ.ኤ.አ.) ይህን ነገር በሚለካና በሚመዘገብ ሙከራ አጸናው። ሎቫስ የተባለው የሎስ አንጀለስ መምህር ደግሞ፣ 19 ሕፃናት በሳምንት 40 ሰዓት ያህል ሲሠራባቸው 9ኙ በመደበኛ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍልን ለማለፍ እንደ በቁ በ1987 እ.ኤ.አ. ጽፎ የዓለምን ጆሮ ሳበ። በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ግን በኃይል «አይሆንም!» ብሎ መጮኽና ጭንን በጥፊ መምታት ከዘዴዎቹ መካከል ተቈጥረው ነበር። ዛሬ የሙያው ሰዎች አብዛኞቹ ይህን ትተውታል፤ ቢሆንም ዕውቀቱና ጥፊው ለአንድ ዘመን በአንድ ቤት አብረው እንደ ኖሩ መርሳት አይገባም።

በአገራችን የዚህን በር ካንኳኩት ሰዎች መካከል ስማቸው በቅድሚያ የሚነሣው ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ባለቤት ነበሩ እንጂ ሐኪም አልነበሩም። ልጃቸው ኦቲዝም ስለ ነበረበት የሚቀበለው ትምህርት ቤት ቢቸግራቸው፣ በ2002 እ.ኤ.አ. በኒያ ፋውንዴሽን ሥር የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ከፈቱ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. እስኪያርፉም ድረስ ልጆቻቸውን በጓዳ ለሚሸሽጉና አስረው ወደ ሥራ ለሚሄዱ ወላጆች ሲናገሩ ኖሩ። ፊደላችንን ለንግግር ማስተማሪያ አድርገው «አቡጊዳ» ያሉትን ዘዴ አበጅተዋል። ከዚያ ወዲህም የዓለም ጤና ድርጅት ለአሳዳጊዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ጋር ለአገራችን እንዲስማማ ተደርጎ በከተማና በገጠር ተሞክሯል፤ የሙከራው ታሪክ በ2020 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሥልጠናው የታሰበው ልዩ ሊቅ ባልሆኑ ሰዎች እጅ እንዲሰጥ ነው። ሊቃውንቱ ጥቂት ስለ ሆኑ ይህ የግድ ነው። ነገር ግን ሊቁ እየራቀ ረዳቱ እየበዛ በሄደ ቍጥር፣ የረዳቱን እጅ የሚያይ ዓይን አስፈላጊነቱ ይበረታል እንጂ አይቀንስም።

ቋንቋችን ለዚህ ሥራ «ማረም» የሚል ቃል ይሰጠናል። ገበሬም ያርማል፤ መምህርም ያርማል። እንክርዳድ በቡቃያነቱ ስንዴ ይመስላል፤ ልምድ የሌለው አራሚ ስንዴውን ነቅሎ እንክርዳዱን ይተወዋል። ስለዚህ ዐዋቂ ገበሬ በአረም ወራት ልጆቹን ብቻቸውን ወደ ማሳ አይሰድም፤ ከኋላቸው ይከተላል፤ የነቀሉትንም ከእጃቸው ተቀብሎ ያያል። እንግዲህ ያ ልጅ ጣቶቹን ማርገብገቡ አረም ነው ወይስ ቡቃያ? ራሱን ከግድግዳ ጋር የሚያጋጭ፣ ዓይኑን የሚወጋ ቢሆን ኖሮ መልሱ ባላስቸገረም። ጣትን ማርገብገብ ግን ማንን ይጎዳል? ኦቲዝም ያለባቸውና ዛሬ አዋቂ የሆኑ ብዙ ሰዎች በአውሮጳና በአሜሪካ፣ እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ እንደሚያረጋጋቸው፣ በልጅነታቸው መከልከላቸውም እንዳስጨነቃቸው መስክረዋል። የእጆቹ ጸጥታ የሚጠቅመው ልጁን ነው ወይስ በታክሲ ውስጥ ዞር ብለው የሚያዩትን ሰዎች? (የታክሲውንም ነገር አቃልዬ መናገሬ አይደለም። በሰው መካከል ከልጅዋ ጋር አንገትዋን ደፍታ የምትሄድ እናት ኀፍረትዋ ሸክም ነው፤ እርሱን ማቅለልም ሥራ ነው። ነገር ግን የእናቲቱን ሸክም ከልጁ ትከሻ ላይ ማራገፍ ሌላ ነው።) ይህን ጥያቄ ለሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ብቻዋን መተው ለእርስዋም ግፍ ነው። ወረቀቱማ ጥያቄውን ጨርሶ አያውቀውም፤ ስንት ጊዜ እንደ ሆነ ይቈጥራል እንጂ ለምን እንደ ሆነ አይጠይቅም።

ወረቀት ብቻ ሲታይ የሚመጣውን ነገር ዓለም አንድ ጊዜ በግልጥ አይቶታል። በ1972 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት፣ በማያሚ ከተማ ሰንላንድ በሚባል የመንግሥት ተቋም ውስጥ ምርመራ ተደረገ። ተቋሙ የአእምሮ ዕድገት ችግር ያለባቸው ልጆችና ወጣቶች ይኖሩበት ነበር። አንድ የሥነ ልቦና ሊቅ አስቸጋሪ ጠባይ ያላቸውን ለይቶ በሽልማትና በቅጣት የሚመራ ክፍል አቋቁሞላቸው ነበር። አሳቡ ከመጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ በመጽሐፍም ላይ መልካም ይመስላል። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚሠሩት ግን ሥልጠናቸው አጭር የሆነ ጠባቂዎች ነበሩ፤ ሽልማቱንና ቅጣቱንም እንደ ሁኔታው ራሳቸው እንዲያበጁ ተተወላቸው። መርማሪዎቹ ሲገቡ በእንጨት መምታት፣ አፍን በሳሙና ማጠብ፣ ለረጅም ሰዓት ማሰርና ለብቻ መዝጋት ልማድ ሆኖ ጠበቃቸው። የሚያስደነግጠው ግን ብዙው ነገር በክፍሉ መዝገብ ላይ በሥርዓት ተጽፎ መገኘቱ ነው። ክፉዎች ቢሆኑ በሸሸጉት ነበር። ጠባቂዎቹ ግን ሥራቸውን የሠሩ መስሏቸው ጻፉት። ዛሬ ከትናንት ትንሽ ጠንከር ያለ፣ ነገ ከዛሬ ትንሽ ጠንከር ያለ ቅጣት እየታከለ ሄደ፤ መካከል ገብቶ «ይህስ ምንድን ነው?» የሚል ሰው አልነበረም። ከዚህ ምርመራ በኋላ ፍሎሪዳ ለሥራው መመሪያ ማውጣት ጀመረች፤ ቆይቶም ፈተናና የምስክር ወረቀት አበጀች፤ በ1998 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የጠባይ ተንታኞች ምስክር ሰጪ ቦርድም የዚህ ወራሽ ነው።

ይህን ስጽፍ ከሩቅ ሆኜ በሌሎች ለመፍረድ አይደለም። እኔም ለብዙ ዓመታት የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ነበርሁ። አንድ ቀን ከከተማ ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት ሄጄ ወደ ሦስተኛ ክፍል ገባሁ። መምህሩ የትምህርት ዕቅዱን አቀረበልኝ፤ የእጅ ጽሑፉ እንደ ማተሚያ ያማረ ነበር፤ ዓላማው፣ መርጃ መሣሪያው፣ ምዘናው፣ አንድም አልጎደለም። ከጥቍር ሰሌዳው በስተኋላ አንዲት የወይራ ልምጭ ተደግፋ አየሁ። በፊተኛው ረድፍ የተቀመጡትም ልጆች መምህሩ በአጠገባቸው ባለፈ ቍጥር እጃቸውን ወደ እጅጌያቸው ሲሰበስቡ አየሁ። አየሁ እንጂ አልጠየቅሁም። የምሳፈርበት አውቶቡስ ሊነሣ ነበር፤ በቅጹ ላይም ልጆች እጃቸውን ወዴት እንደሚሸሽጉ የሚጠይቅ ቦታ አልነበረም። «በጥሩ ሁኔታ ላይ ይገኛል» ብዬ ፈረምሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ አባት ልጁን በእጁ ይዞ ወደ ቢሮ መጣ፤ የልጁ ግራ ጆሮ ከጥፊ በኋላ መስማት ትቶ ነበር። መምህሩ ተጠየቀ፤ ተቀጣም። የክፍሉ መዝገብ ሲገለጥ ከላይ የነበረው ግን የእኔ ፊርማ ነው፤ እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወረቀት ብቻ አይቶ የሚፈርም ሰው ስሰማ አባትየው ቆሞ የጠበቀበት የቢሮው በር ትዝ ይለኛል።

የሙያው ሰዎች ለዚህ ያወጡት ሥርዓት ምን እንደሚል መናገር ተገቢ ነው። በቦርዱ ደንብ ረዳቱ በወር ከሠራበት ሰዓት ቢያንስ 5 በመቶው በኃላፊው ክትትል ሥር መዋል አለበት፤ በወር 100 ሰዓት የሠራ 5 ሰዓት ይደርሰዋል ማለት ነው። ከክትትሉም ውስጥ ኃላፊው ረዳቱን ከልጁ ጋር ሲሠራ በዓይኑ የሚያይበት ጊዜ መኖር አለበት። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የሥነ ምግባር ደንብ ደግሞ፣ ኃላፊው ሊከታተለው ከሚችለው በላይ ሰው እንዳይቀበል፣ ከሚያውቀው ውጭ እንዳይቈጣጠር፣ ለበታቹም ሥራ ራሱ ተጠያቂ እንደ ሆነ ይናገራል። አምስት በመቶ ብዙ አይደለም። እንዲያውም ለእኔ ጥቂት ይመስለኛል። ሆኖም ምንም ከሚባለው ጋር ሲመዘን ሰፊ ነው። በዚያው በኮተቤ ባለው የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ዕጩ መምህር ለልምምድ ወደ ክፍል ሲገባ አስተማሪው ከኋላ ተቀምጦ ያየዋል፤ ይህን ሁላችንም ትክክል እንለዋለን። ታዲያ አርባ ተናጋሪ ልጆች ለሚያስተምረው ዓይን ካስፈለገው፣ በተዘጋ በር ውስጥ አንድ የማይናገር ልጅ ለሚያርመው እንዴት ሊቀርበት ይችላል?

ነገሩን ያከበደው ሌላ ጉዳይ አለ። ቦርዱ ከጥር 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከጥቂት አገሮች በቀር ከሌላው ዓለም የሚመጣ አዲስ አመልካች መቀበል አቁሟል፤ ኢትዮጵያም በሩ ከተዘጋባቸው አገሮች አንዷ ናት። እያንዳንዱ አገር ለራሱ ሥርዓት ያብጅ ማለት ነው። አሳቡ ክፉ አይደለም፤ ለሰው ጠባይ የሚበጀውን ከባሕር ማዶ ሆኖ መፍረድ ያስቸግራልና። በዚህ መካከል ግን «የጠባይ አራሚ ነኝ» የሚል ሰው በየሰፈሩ ሰሌዳ ሊሰቅል ይችላል፤ ወላጁም ሰሌዳውን እንጂ ከሰሌዳው በስተኋላ ያለውን አያይም። ሕግ የለንም አልልም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋም ውስጥ ከአካል ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነጻ እንዲሆን ደንግጓል፤ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውንም የዓለም ስምምነት በ2002 ዓ.ም. ተቀብለናል። ሕጉ ግን በሩን ከፍቶ በጠረጴዛው አጠገብ አይቀመጥም፤ የሚቀመጠው ሰው ነው።

አንድ የማከብረው ወዳጄ ይህን ሲሰማ ተቈጣኝ። «ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ የምትወርድ እናት ልጅዋን በቤት አስራ ነው የምትወጣው፤ ያ ልጅ ዛሬ ግማሽ ቀን ብስኩት እየበላ ቢማር አንተ ተመልካች የለም ብለህ ልትዘጋበት ነውን?» አለኝ። የወዳጄን ቃል በቀላሉ የምመልሰው አይደለም። ልዩ ሊቅ እስኪገኝ ሁሉም ይቁም ቢባል፣ ልጁ የሚመለሰው ወደ ገመዱ ነው። እኔም ይዘጋ አላልሁም። ነገር ግን «ከማሰር ይሻላል» የሚለው መለኪያ እጅግ ዝቅ ያለ ነው፤ በእርሱ ከለካን ብዙ ክፉ ነገር መልካም ሊባል ነው። ድኻ ስለ ሆነ ባልታየ እጅ ይታረም ማለት፣ ድኻው ልጅ ሲያለቅስ ከሀብታሙ ልጅ ያነሰ ያመዋል እንደ ማለት ነው።

ስለ እንጦጦ ከተነሣ ሌላም ነገር ትዝ አለኝ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባለው ተራራ፣ በኪዳነ ምሕረት ጠበል፣ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ ወላጆች ብዙ ናቸው፤ እኔም የዘመዴን ልጅ አድርሻለሁ። በዚያ ሁሉ ነገር በአደባባይ ነው። ካህኑ ሲያጠምቁ እናት አጠገባቸው ትቆማለች፤ ወረፋ የሚጠብቀውም ሕዝብ ያያል። በዘመናዊው ክፍል ግን በሩ ይዘጋል፤ እናት ከውጭ አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ይህን አስቤ፣ መፍትሔው በሩን መክፈት ብቻ ነው ብዬ ነበር። ነገር ግን በዚያው በጠበሉ ስፍራ እጁ በሰንሰለት የታሰረ ሰው አይቻለሁ፤ መቶ ሰው ያየዋል፤ አንድም ሰው «ይህ ሰው እስከ መቼ ይታሰራል?» ብሎ አይጠይቅም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ስለዚህ ብዙ ዓይን መኖሩ ብቻውን ተመልካች አያሰኝም። ተመልካች የሚባለው ያየውን የመጠየቅ ግዴታና «ተው» የማለት ሥልጣን ያለው ነው። ይህም ሊሆን እንደሚችል ምልክት አለ፤ በአዲስ አበባ የጠበል ካህናትና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ተስማምተው፣ ሕመምተኛው ጠበሉንም መድኃኒቱንም ሳይለይ እንዲወስድ አብረው የሠሩበት ታሪክ በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሁለት የማይተዋወቁ ሙያዎች አንዱ የሌላውን ሥራ ለማየት ፈቀዱ ማለት ነው።

ተመልካቹንስ ማን ያየዋል ያሉኝ አሉ። በዚህ ነገር ከራሳችን ሥርዓት የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም። ካህን ሌላውን ያናዝዛል፤ ነገር ግን እርሱም የነፍስ አባት አለው፤ ያ የነፍስ አባትም ሌላ አለው። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ መጨረሻ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ሰው የለም። የነፍስ አባት ሰላይ አይደለም፤ የሚመጣው ለመክሰስ ሳይሆን ሸክም ለመካፈል ነው። ኃላፊው ወደ ረዳቱ ክፍል ሲገባ እንዲህ ሆኖ ቢገባ ረዳቱ ስሕተቱን ለመሸሸግ ምክንያት ያጣል። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ግን ተቈጣጣሪ መጣ ሲባል ወረቀት ይስተካከላል፤ ወለል ይወለወላል፤ ሰው ይደነግጣል። ይህን ያስተማርናቸው እኛው ነን።

በጥር ወር ወደዚያ ግቢ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ልጅቱን፣ «ኃላፊሽ አንድ ቀን ገብተው አብረውሽ እንዲቀመጡ ለምን አትለምኛቸውም?» አልኋት። መሬት መሬት እያየች፣ «ሥራውን የማልችል ይመስላቸዋል፣ አባባ» አለችኝ።

ይህን ስንነጋገር የልጁ እናት መጣች። ገና ከሥራ መመለስዋ ነበር፤ ነጠላዋ ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጣብቋል። ልጁን በክፍያ የሚያስተምሩት አይደለም፤ ግቢው ያለ ዋጋ ከሚቀበላቸው ልጆች አንዱ ነው። «ዛሬ እንዴት ዋለልኝ?» ብላ ጠየቀች። ልጅቱም ወረቀቱን አውጥታ ምልክቶቹን አሳየቻት፤ እጆቹ ስንት ጊዜ ጸጥ እንዳሉ በጣትዋ እየነካች ቈጠረችላት። እናቲቱ ምልክቶቹን በትዕግሥት አየች፤ ከዚያም «አልቅሷል?» አለች።

ልጅቱ ወረቀቱን አየች፤ እኔን አየች። «ጥቂት አልቅሷል፣ እትዬ» አለች።

«እስቲ ነገ እኔም ከውስጥ ልቀመጥ? አልረብሽም፤ ጥግ ይዤ ነው።»

ልጅቱ ወረቀቱን አጠፈችና፣ «ቈይ፣ ኃላፊውን ልጠይቅልዎ» አለቻት።